ሜዳውን ያቀኑ እመቤት፦ እቴጌ ጣይቱ ብጡል

የእቴጌ ጣይቱ ስም ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ዓድዋ ነው። ተገቢም ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ዓድዋን በአጭሩ ነክቼ ስለ ሌላው ሥራቸው ማንሣት እፈልጋለሁ። እሱም ሜዳ ላይ ቤት መሥራት፣ ጓዳ ማደራጀት፣ የሰውና የከብት ማደሪያ ማሰናዳትና አንድን ቀዬ ማቅናት ነው። ይህን ርዕስ የመረጥሁት አብዛኞቻችን ለቡ መብራት ኃይልን ከሌላ ቦታ መጥተን የሰፈርንባት ስለሆንን ነው። ሰፈራችን ከጥቂት ዓመታት በፊት እርሻና ግጦሽ ነበረች። ውሃ ሳይገባ፣ መንገድ ሳይስተካከል ቤት መግባት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። እቴጌም ያውቁት ነበር።

ከትልቅ ቤት ውድቀት የተነሣች ልጅ

ጣይቱ የተወለዱት ከሰሜንና ከበጌምድር መኳንንት ወገን ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም፣ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ወንድማቸው ወሌ ብጡል ኋላ ራስ ተብለው ታላቅ ሰው ሆነዋል።

ጣይቱ ገና ልጅ ሳሉ፣ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ተሸነፉ። ካሣም ወዲያው ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የውቤ ቤት በአንድ ቀን ፈረሰ፤ ሀብቱም ተወረሰ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ከጊዜ በኋላ የቴዎድሮስ ሚስት ሆኑ። ስለዚህ ጣይቱ ትልቅ ቤት እንዴት እንደሚፈርስ የተማሩት ከወሬ ሳይሆን ከገዛ ቤተሰባቸው ነው።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል ማወቋ ብርቅ ነበር። ጣይቱ ግን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግዕዝ ያውቃሉ፤ በገና ይደረድራሉ፤ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ እየተባለ ይነገርላቸዋል። ከምኒልክ በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አይተዋል፤ አንዱም አልሰመረም። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር ላይ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን ሲያገቡ የሕይወትን ውጣ ውረድ የቀመሱ፣ የበሰሉ ሴት ነበሩ።

ሸዋ ለእሳቸው የሰው አገር ነበር። ዘመዶቻቸው በሰሜን፣ ንጉሡ ደግሞ ከሌሎች ሴቶች የተወለዱ ልጆች ያሏቸው። ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። በሰው አገር ያለ ልጅ መኖር በዚያ ዘመን ለማንኛዋም ሴት አስጊ ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ያጸኑት በሥራ ነው።

ከተራራው ወደ ሜዳው

ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ካዞሩ ብዙም አልቆዩም ነበር። እንጦጦ ለጦር ምቹ ነው፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ከባድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ንፋሱ አያሳርፍም፤ ክረምቱ መብረቅና ጭቃ ነው። ማገዶ እየራቀ ሄደ። እህሉም፣ ማሩም፣ ቅቤውም በአጋሰስና በሰው ትከሻ ዳገት ይወጣል። የቤት እመቤት ይህን ሁሉ በየቀኑ ታየዋለች፤ ጦር ሜዳ ያለ ንጉሥ ግን ላያየው ይችላል።

ከተራራው ሥር ደግሞ ሰፊ፣ ለምለም ሜዳ ነበር። ሙቅ ውሃ የሚፈልቅበት ሥፍራ ስለነበረ መኳንንቱ ለመታጠብና ለመታከም ይወርዱ ነበር። ቦታው ባለቤት አልባ እንዳልነበረ ግን መርሳት የለብንም። ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ በዙሪያው ጉለሌንና ሌሎችንም ጨምሮ የኦሮሞ ጎሳዎች ከብት ያረቡበት፣ ያረሱበት፣ ውሃውን ለከብታቸው የተጠቀሙበት አገር ነው። ከተማይቱ ስትቆረቆር እነዚህ ሰዎች ከግጦሻቸውና ከመሬታቸው እየተገፉ ሄደዋል። የእኛም የለቡ መሬት የገበሬ ማሳ እንደነበረ ስናስብ፣ ይህ የታሪኩ ክፍል ለእኛም ሩቅ አይደለም።

በ1879 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ምኒልክ ወደ ሐረር ዘመቻ በሄዱበት ጊዜ ጣይቱ ከነአጃቢዎቻቸው ወደ ፍል ውሃ ወረዱ። ቦታውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸውም አደረጉ። በዚያ ዘመን ቤት ማለት የቆመ እንጨት፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃና የሣር ክዳን ነው። ሥፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ሰፈሩን የዳሱት በዘመቻ ያልሄዱት ሰዎችና የቤተ መንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ንጉሡ በጥር ወር ሐረርን ይዘው በኋላ ሲመለሱ፣ ባለቤታቸው የጀመሩትን ሥራ አገኙ።

ምኒልክም ሐሳቡን ተቀበሉት። ከፍል ውሃ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ግቢ ተሠራ። ለየመኳንንቱ በዙሪያው ቦታ ተሰጠ፤ እያንዳንዱም ጭፍራውን፣ ሎሌውንና ከብቱን ይዞ ሰፈረ። ዛሬ ሰፈር የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ አሰፋፈር ነው። ይሁን እንጂ ዝውውሩ በአንድ ጀንበር አልተፈጸመም። ምኒልክ ዓፄ ተብለው የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው ነው። ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለውን የማዕረግ ስምም ያዙ። ዋናው ኑሮ ወደ ሜዳው ተጠቃሎ የወረደው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

ፈረስ፣ በቅሎና አጋሰስ

ያን ጊዜ ያለ ጋማ ከብት ከተማ የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ከሰው መኖሪያ ጋር አብሮ የከብት ማደሪያ መሆን ነበረባት። ሦስቱ የጋማ ከብቶች ሦስት ዓይነት ሥራ ነበራቸው። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ነው። መሳፍንቱና የጦር አለቆቹ በፈረሳቸው ስም ይጠራሉ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ የነበረው ለዚህ ነው። በቅሎ ለረዥም መንገድ ናት፤ እርምጃዋ ለስላሳ፣ ዳገትና ቁልቁለት የማታስፈራ ስለሆነች እቴጌይቱም ሲጓዙ የሚቀመጡት በበቅሎ ነበር። አጋሰስ ደግሞ ጭነት ተሸካሚ ነው፤ ስንቁን፣ ድንኳኑንና የወጥ ቤቱን ዕቃ የሚያጓጉዝ።

እነዚህን ሁሉ ማስተዳደር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ገብስ፣ ድርቆሽና ጭድ ይፈልጋሉ፤ ውሃ በቅርብ መኖር አለበት፤ ኮርቻና ልጓም የሚሠራና የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። የንጉሡ ፈረሶች ኃላፊ ባልደራስ ይባል ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ በየካ በኩል የሰፈር ስም ሆኖ ይኖራል። ወደ እኛ አቅጣጫ ሲመጣ ደግሞ በቅሎ ቤት የሚባለው ሰፈር አለ። የፈረስ ግልቢያና ጉግስ የሚታይበት ጃን ሜዳም ስሙንና ሜዳነቱን ይዞ ቆይቷል። በየቀኑ በታክሲ የምናልፍባቸው እነዚህ ስሞች ከተማይቱ በጋማ ከብት ትኖር የነበረችበትን ዘመን ያስታውሳሉ።

ውሃውም ቢሆን አስቸጋሪ ነበር። ፍል ውሃው ለመታጠብ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም፤ ሴቶች እንስራ አዝለው ከምንጭና ከወንዝ ይቀዱ ነበር። በ1886 ዓ.ም. ገደማ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ውሃ ከእንጦጦ በቧንቧ ወደ ግቢው ወረደ። በዘመኑ እንደ ተአምር የታየ ነገር ነው። ከከተማው ሕዝብ የሚበዛው ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን በእንስራ ቀድቷል።

ጓዳው

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ ከእቴጌ ሥራ ሁሉ በጣም የሚያስደንቀኝ ጓዳቸው ነው። ግብር ማብላት የዚያን ዘመን መንግሥት ዋና ሥራ ነበር። ንጉሥ የሚያበላ ካልሆነ ሠራዊት አይከተለውም። ከየአገሩ በግብር የሚገባው እህል፣ ማር፣ ቅቤና ከብት ተሰፍሮና ተቆጥሮ መግባት፣ ሳይበላሽ መቀመጥ፣ በሰዓቱ መውጣት አለበት። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት እየተባለ ሥራው የተከፋፈለ ነበር። ከጀርባው ቀን ከሌት የሚፈጩ፣ የሚጋግሩ፣ ማገዶና ውሃ የሚሸከሙ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ስማቸውን ታሪክ አልመዘገበውም፤ ያለ እነሱ ግን አንድም ግብር አይበላም ነበር።

በ1880 ዓ.ም. መግቢያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ሲከበር እቴጌ ያሰናዱት ድግስ ለቀናት የዘለቀ ነበር። ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ የሚጽፉ ምሁራን ሳይቀሩ እንደ ምሳሌ ያነሡታል። ከሰሜኑም ከሸዋውም ባህል የመጣው ምግብ በአንድ ገበታ ቀረበ። እንዲህ ያለ ድግስ ያለ ዕቅድ አይሆንም። ስንት በሬ፣ ስንት ገንቦ ጠጅ፣ ስንት ቁና በርበሬ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ያላሰበ ሰው በሁለተኛው ቀን ያፍራል።

ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ በገባ በሽታ የአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት፤ ረሃቡ ለዓመታት ቆየ፤ ሕዝብ እንደ ቅጠል ረገፈ። ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ እንደሆኑ ይታወቃል። የቤተ መንግሥቱም ጎተራ ለተራቡ ተከፈተ። አዲሲቱ ከተማ የቆመችው በዚህ ሁሉ መከራ መካከል ነው። በተመቸ ጊዜ ቤት መሥራት ቀላል ነው፤ እነሱ ግን የሠሩት በክፉ ቀን ነው።

የዓድዋ ስንቅ

ጣሊያን የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ይዞ ኢትዮጵያን በእጁ እንዳስገባ ሲያወራ እቴጌ አጥብቀው ከተቃወሙት ግንባር ቀደም ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲታወጅ የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ዘመቱ። መቀሌ ላይ የጣሊያን ጦር በመሸገበት ጊዜ የምሽጉን የውሃ ምንጭ በመያዝ ጠላትን በጥም የማስጨነቁ ዘዴ የእሳቸው ምክር እንደነበረ ይነገራል። ውሃ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው የሚወጣ ሐሳብ ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ውጊያው ሲደረግ ሴቶች ለተዋጊው ውሃ ያቀርቡ፣ ቁስለኛ ያነሡ ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት ከሸዋ እስከ ትግራይ ወራት የፈጀ ጉዞ ያደረገው በእግሩ ብቻ ሳይሆን በስንቁም ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ አሰናድታ፣ በአጋሰስ ጭና የሄደችው ሴት የድሉ ባለ ድርሻ ናት።

ሆቴልና ብድር

ከድል በኋላ ከተማይቱ አደገች፤ ችግሯም አብሮ አደገ። ማገዶ አለቀ። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ የአዲስ ዓለሙ ግቢም ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ሆቴል ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ እንግዳ ይጋበዛል እንጂ አይከፍልም። ሰው ደፍሮ አልገባ ሲል ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው እንደበሉና እንደከፈሉ ይተረካል። ግብር አብይዋ እመቤት የምግብ ሥራ ገቢ የሚያመጣ ሥራ መሆኑን ያሳዩት በዚህ ነው። ዛሬ ከማኅበራችን አባላት እንጀራ ጋግረው፣ ምግብ አብስለው የሚሸጡ እህቶች የዚህ ሥራ ወራሾች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፍቶ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1901 ዓ.ም. ገደማ ለግብርናና ለንግድ የሚያበድር የአገር ውስጥ የአክሲዮን ማኅበር ሲቋቋም ከጀርባው የእቴጌ ጣይቱ እጅ ነበረበት። የአገር ሰው ገንዘቡን አዋጥቶ ለአገር ሰው ያበድር የሚል ሐሳብ ነው። በየወሩ መቶ መቶ ብር እያዋጣን ተራ በተራ ለምንበዳደር ለእኛ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በኢየሩሳሌምም ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚሆን ቤት አሠርተዋል።

ቤቱን ከሠሩ በኋላ

ዓፄ ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌ እጅ ገባ። ይሾማሉ፣ ይሽራሉ፤ የሰሜን ዘመዶቻቸውንም ከፍ ከፍ አደረጉ። ይህ የሸዋን መኳንንት አስቆጣ፤ ቅሬታቸው ሁሉ መሠረት የለሽ ነበር ማለትም አይቻልም። በ1901 ዓ.ም. የንጉሡ የልጅ ልጅ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪ ጦር ተስማምተው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አወጧቸው። የተተወላቸው ታማሚ ባላቸውን ማስታመም ብቻ ነበር። እሱንም በትጋት ፈጸሙት፤ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አልተለዩአቸውም።

ከዚያ በኋላ እንዲቀመጡ የተደረጉት እንጦጦ ነው። ከ27 ዓመት በፊት ብርዱን ሸሽተው ከወረዱበት ተራራ ተመለሱ። ከላይ ሆነው ወደ ታች ሲመለከቱ የሚታያቸው ራሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ ነበረች፤ ትእዛዛቸው ግን በውስጧ አይሠራም። ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጎንደር ለመሄድ ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባ፤ የአጋሰሱና የበቅሎው ዘመንም ማሽቆልቆል ጀመረ። እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ። መጀመሪያ እዚያው በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ፤ ኋላ አፅማቸው ወርዶ በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ አረፈ።

ለእኛ የሚተርፈው

የእቴጌን ሕይወት እንደ መዝገብ ሳየው ገቢና ወጪው እኩል አይወጣም። ለከተማይቱ የሰጡት ብዙ ነው፤ በመጨረሻ በእጃቸው የቀረው ትንሽ ነው። ሥልጣናቸው የቆመው በባላቸው ጤና ላይ ነበርና እሳቸው ሲታመሙ ዘመመ፤ ሲወድቁ ወደቀ። ይህ የንግሥት ብቻ ችግር አይደለም። ቤቱን ከመሠረቱ ጀምራ ጭቃ አቡክታ የሠራች፣ ጓዳውን የሞላች፣ ነገር ግን ስሟ በካርታው ላይ የሌለ ሴት በየሰፈሩ አለች። ባሏ የሞተ ወይም የተለየ ዕለት ምን እንደሚደርስባት ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዛሬው ሕግ ግን የእቴጌን ዘመን አይመስልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ እንደሆነ ይደነግጋል። ሕጉ እንዲሠራልን ወረቀቱ መኖር አለበት። የቤት ካርታ፣ የቁጠባ ደብተር፣ የንግድ ፈቃድና የማኅበራችን ቃለ ጉባኤ የእኛን ስም መያዛቸውን አንድ ቀን መድበን እንመልከት። የማንበብ ችግር ያለባት እህት ካለች ቅዳሜ ስብሰባ ከማለቁ በኋላ ደብተሯን ይዛ ብትመጣ አብረን እናየዋለን።

ፒያሳ ያለው ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢደርስበትም ታድሶ ዛሬም በእቴጌ ጣይቱ ስም ይጠራል። መኳንንቱ ሥልጣናቸውን ሲወስዱ፣ በስማቸው የቆመው ግን ስሙን ይዞ ቀረ።